የፋይናንስ ዕውቀት ምንድን ነው? አክሲዮን ለመግዛትስ ያደፋፍራል?

ምሳ ሰዓት ላይ ሰንጋተራ አካባቢ ካፌ ብትቀመጡ ከጎናችሁ ያለው ጠረጴዛ ስለ አክሲዮን፣ ማለትም ስለ ድርጅት የባለቤትነት ድርሻ፣ ማውራቱ አይቀርም። «የእናንተ ባንክ ዘንድሮ ስንት ትርፍ ከፈለ?» ይባባላሉ። የባንኩን የሒሳብ ሪፖርት ገልጦ ያየው ግን ስንቱ ነው?

የፋይናንስ ዕውቀት ማለት አካውንቲንግ መማር አይደለም። አናማሪያ ሉሳርዲና ኦሊቪያ ሚቼል የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በሦስት ቀላል ጥያቄዎች ይለኩታል። አንዱ ስለ ወለድ፣ አንዱ ስለ ዋጋ ንረት፣ ሌላው ደግሞ ገንዘብን አንድ ድርጅት ላይ ከማፍሰስ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይሻል እንደሆነ ነው።

ደሞዝተኛውን የሚነካው የዋጋ ንረቱ ነው። 100,000 ብር በ7 በመቶ ወለድ ባንክ አስቀመጣችሁ እንበል። በዓመቱ 107,000 ይሆናል። በዚያው ዓመት ዋጋ በ20 በመቶ ከጨመረ ግን በ100,000 ይገዛ የነበረው ዕቃ 120,000 ገብቷል። ብሩ ወለደ ብላችሁ ስትደሰቱ 13,000 ጎደለባችሁ ማለት ነው። ይህን አንዴ ያሰላ ሰው «ሌላስ ምን አለ?» ማለቱ አይቀርም፣ አክሲዮንም ዓይኑ ውስጥ የሚገባው ያኔ ነው። ሉሳርዲ ከሌሎች ጋር በኔዘርላንድስ ሠርታ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናትም የፋይናንስ ዕውቀታቸው ዝቅ ያለ ሰዎች አክሲዮን የመግዛት ዕድላቸው አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል።

ወደ እኛ እንምጣ። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን፣ አንዱን በ300 ብር፣ በቴሌብር ለሽያጭ አቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። «ሰው ብር የለውም» ይባላል፤ እውነትም ብዙው የለውም። ግን ከዚያ በላይ ዕቁብ የሚጥል ሠራተኛም ሞልቷል! የዕቁቡ ዳኛ ይታወቃል፣ ዕጣው ቢዘገይም ተራው ይደርሳል። አክሲዮን ላይ ግን «ቸግሮኝ ልሽጠው ብል ማን ይገዛኛል?» የሚለው ጥያቄ ሰውን አንቆ ይይዘዋል። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረውም ለዚሁ ነው፤ ገዢና ሻጭ እንዲገናኙ።

ደግሞ ዕውቀት ያለው ሁሉ ይገዛል ማለት አይደለም (አስተዋዋቂዎች ይህን አይነግሯችሁም)። ለገዢዎች የወጣውን መግለጫ አንብቦ፣ ዕዳውን አይቶ፣ «ይቅርብኝ» የሚልም አለ። የልጁን የመስከረም ትምህርት ቤት ክፍያ አክሲዮን ላይ የማያውለውም እሱ ነው።