የፎቶ ማደራጃና ማስተካከያ ሶፍትዌር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፎቶ ማንሳት የትርፍ ጊዜ ሥራው የሆነ ሰው ሶፍትዌር ሲመርጥ ቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ምን ይሠራል?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ የነበረበት ግን ሌላ ነው፦ እዚህ ውስጥ የምሠራው ሁሉ የት ነው የሚጻፈው? ነገ ልተወው ብል ምን ይዤ እወጣለሁ? ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህ ጥያቄ ባለመነሳቱ የሚመጡ ናቸው።

«ፎቶሾፕ ካለኝ ሌላ አያስፈልገኝም»

ፎቶሾፕ አንድን ምስል ከፍቶ በጥልቀት ለመሥራት ነው የተሠራው፤ ሰውን ከጀርባው ለይቶ ለማውጣት፣ ሁለት ፎቶ ለማዋሃድ፣ ጽሑፍ ለመጨመር። ከአንድ ጉዞ 600 ፎቶ ይዞ የተመለሰ ሰው ችግሩ ይህ አይደለም። 600ውን አይቶ 40 መምረጥ፣ የ40ዎቹን ብርሃንና ቀለም ማስተካከል፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራው። ለዚህ የሚሆኑት እንደ ላይትሩም ክላሲክ፣ ካፕቸር ዋንና ዳርክቴብል ያሉት ናቸው። አንድ ፎቶ ላይ የሠሩትን ማስተካከያ ኮፒ አድርገው በዚያው ብርሃን በተነሱት 30 ፎቶዎች ላይ በአንዴ ይለጥፉታል። የፎቶሾፕ ዓይነቱ ሥራ አልፎ አልፎ ቢመጣ ነፃው ጊምፕ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው።

«ፎቶዎቼ ሶፍትዌሩ ውስጥ ናቸው»

ፎቶ በማስጠፋት ይህን የሚያህል ስህተት የለም። ላይትሩም ክላሲክ ውስጥ የሚታየው ካታሎግ የሚባል የመረጃ መዝገብ ነው። መዝገቡ ፎቶው የትኛው ፎልደር ውስጥ እንዳለ፣ ስንት ኮከብ እንደተሰጠውና ብርሃኑ ምን ያህል እንደተጨመረ ይይዛል። ፎቶው ራሱ የተቀመጠው ዲስኩ ላይ፣ በፎልደሩ ውስጥ ነው። ዳርክቴብልና ነፃው የፎቶ ማደራጃ ዲጂካምም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት።

ይህን ያላወቀ ሰው ዲስኩ ሲሞላበት «ላይትሩም ውስጥ አለልኝ» ብሎ ፎልደሩን ያጠፋል። የሚቀረው ለእይታ የተዘጋጀ ትንሽ ምስል ብቻ ይሆናል። ሌላው ደግሞ ፎልደሩን ከሶፍትዌሩ ውጭ ስሙን ይቀይራል ወይም ወደ ሌላ ዲስክ ይወስዳል፤ በማግስቱ ፎልደሩ ላይ የጥያቄ ምልክት፣ ፎቶዎቹ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ያገኛል። እዚህ ላይ ደንግጦ ፎቶዎቹን እንደገና ወደ ሶፍትዌሩ ማስገባት (ኢምፖርት ማድረግ) ነገሩን ያባብሰዋል፤ ፎቶዎቹ ያለ ኮከብና ያለ ማስተካከያ እንደ አዲስ ይገባሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። የጥያቄ ምልክት ያለበት ፎልደር ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ የጠፋውን ፎልደር ፈልግ የሚለውን መምረጥና አዲሱን ቦታ ማሳየት ነው። ከዚያ በኋላ ፎልደር ማንቀሳቀስ ሲያስፈልግ እዚያው ላይትሩም ውስጥ ሆኖ መጎተት ነው።

ላይትሩም ሲዘጋ «ባክአፕ ላድርግ?» ብሎ የሚጠይቀውም ካታሎጉን ብቻ ነው፤ በዚያ ባክአፕ ውስጥ አንድም ፎቶ የለም።

ሁሉም ሶፍትዌር ግን እንዲህ አይደለም። የአፕል ፎቶስ ካልተከለከለ በስተቀር ፎቶዎቹን ወደ ራሱ ላይብረሪ ይገለብጣል። ዳርክቴብል ደግሞ ሁለት የተለያዩ ምርጫዎች ያቀርባል፤ አንደኛው ፎቶውን ካለበት ሳያነሳ ይመዘግባል፣ ሁለተኛው ገልብጦ ይመዘግባል። ሜሞሪ ካርዱ እንደተሰካ የመጀመሪያውን መርጦ ከዚያ ካርዱን ፎርማት ያደረገ ሰው ፎቶው የለውም።

«ማስተካከል ዋናውን ፎቶ ያበላሻል»

እንደ ላይትሩም ክላሲክ፣ ካፕቸር ዋንና ዳርክቴብል ባሉት አያበላሽም። ማስተካከያው እንደ ትእዛዝ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ከዓመት በኋላም ወደ መነሻው መመለስ ይቻላል። የሚያበላሸው የተለመደውን የታመቀ የፎቶ ፋይል፣ ማለትም ጄፔግን፣ በተራ የምስል መክፈቻ ከፍቶ፣ ቆርጦ፣ በዚያው ስም ሴቭ ማድረግ ነው። የተቆረጠው ተመልሶ አይመጣም፤ ምስሉም በድጋሚ ሲታመቅ በየጊዜው ትንሽ ጥራት ያጣል።

«ነፃ ሶፍትዌር መለማመጃ ነው»

ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ ካሜራው የመዘገበውን ጥሬ ፋይል፣ ማለትም ሮውን፣ ከሚሸጡት ባልተናነሰ ጥራት ይሠራሉ። ዲጂካም በታግ (በመለያ ቃል)፣ በፊትና በካርታ ማደራጀት ላይ ከብዙ የሚከፈልባቸው ይሻላል። ዋጋቸው የሚከፈለው በጊዜ ነው። ዳርክቴብል ተከፍቶ የማስተካከያዎቹ ብዛት ሲታይ ማንም ይደነግጣል። ጀማሪ አምስት ቢይዝ ይበቃዋል፦ ኤክስፖዠር፣ የቀለም ሚዛን፣ የብርሃንና ጥላ ማጣጣሚያ፣ የሌንስ እርማትና ኖይዝ (በጨለማ በተነሳ ፎቶ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ) ማጥፊያ።

የካሜራ አምራቾቹም ነፃ ሶፍትዌር እንዳላቸው ይረሳል። የካኖን ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናልና የኒኮን ኤንኤክስ ስቱዲዮ የየራሳቸውን ካሜራ ቀለም በደንብ ያወጣሉ። ካሜራ ሲቀየር ግን የሌላውን አምራች ሮው አይከፍቱም።

«ሮው ከጄፔግ የባሰ ነው የሚታየው»

ይህ አመለካከት የሚመጣው ከአንድ ቅጽበት ነው። ፎቶው ሲገባ ደምቆ ይታያል፣ ከሴኮንዶች በኋላ ግን ይደበዝዛል። መጀመሪያ የታየው ካሜራው ራሱ አሰናድቶ ሮው ፋይሉ ውስጥ የከተተው ትንሽ ጄፔግ ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ሶፍትዌሩ ከጥሬው ፋይል በራሱ ቀመር ያወጣው ምስል ነው። የጠፋ ነገር የለም። ላይትሩም ላይ ፕሮፋይል ከሚባሉት የቀለም አቀራረቦች የካሜራውን ቀለም የሚመስለውን መምረጥ ልዩነቱን በብዙ ያጠበዋል።

የሮው ጥቅም ጥላው ውስጥ ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ሲኖረው ባለ 12 ቢት ሮው 4,096፣ ባለ 14 ቢት ደግሞ 16,384 አለው። ጨለማ ውስጥ የቀረ ፊት በጄፔግ ሲበራ የሚፈረካከሰው፣ በሮው የሚተርፈውም ለዚህ ነው።

«ካልተመቸኝ በኋላ እቀይራለሁ»

ይቻላል፤ ነገር ግን ሁሉም ነገር አብሮ አይሄድም። ኮከብ፣ ታግ፣ መግለጫና የቦታ መረጃ ኤክስኤምፒ በሚባለው የጋራ አጻጻፍ ከተቀመጡ ሌላ ሶፍትዌር ያነባቸዋል። የብርሃንና የቀለም ማስተካከያው ግን እያንዳንዱ ሶፍትዌር በራሱ ቀመር ስለሚያሰላው በሙሉ አይሻገርም፤ ዳርክቴብል ከላይትሩም ጥቂቱን ብቻ ይቀበላል። ፎቶ ሳይገለበጥ የተሠሩ ስብስቦች፣ የአንድ ፎቶ ምናባዊ ቅጂዎችና የሥራ ታሪክ ካታሎጉ ውስጥ ይቀራሉ።

መቀየር ደግሞ ሁልጊዜ በፈቃድ አይደለም። አፕል አፐርቸር የተባለውን የፎቶ ሶፍትዌሩን ማሳደግ ማቆሙን እ.ኤ.አ. በ2014 አሳወቀ፣ በ2015 ከሽያጭ አወጣው። ጉግልም ፒካሳ የተባለውን የፎቶ ማደራጃውን በ2016 ዘጋ፤ ፒካሳ ብዙውን ማስተካከያ በየፎልደሩ በተደበቀ ፋይል ይጽፍ ስለነበር፣ ፎቶዎቹን ብቻ ገልብጦ የወጣ ሰው ማስተካከያውን ሳይዝ ነው የወጣው።

ላይትሩም ክላሲክ ኮከብና ታጉን ከካታሎጉ ውጭ እንዲጽፍ ካታሎግ ሴቲንግስ ውስጥ ሜታዳታ በሚለው ገጽ ለውጦችን ወደ ኤክስኤምፒ በራሱ እንዲጽፍ የሚያዝዘውን ሳጥን ማብራት ያስፈልጋል፤ ሲመጣ ጠፍቶ ነው። ዲጂካምም በሜታዳታ ሴቲንግ ፋይሉ ላይ ወይስ ከፎቶው ጎን በሚቀመጥ አጃቢ ፋይል ይጻፍ ብሎ ያስመርጣል። ዳርክቴብል ከእያንዳንዱ ፎቶ ጎን አጃቢ ፋይል ያስቀምጣል፤ ፎቶ ሲገለበጥ ይህም አብሮ መገልበጥ አለበት።

ሶፍትዌሩን ሳይወስኑ በፊት ይህን ይሞክሩ። 20 ፎቶ ለብቻ ፎልደር ይገልብጡ። ከፊሉን 3 ኮከብ ይስጡ፣ ሁለት ታግ ያድርጉ፣ አንዱ በአማርኛ ይሁን። መግለጫ ይጻፉ፣ ጥቂቱን ይቁረጡ፣ ብርሃን ይጨምሩ። ከዚያ ፎልደሩን በሌላ ሶፍትዌር ይክፈቱና የደረሰውንና የቀረውን ይዩ። የአማርኛው ታግ በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ከመጣ ከሁለቱ አንዱ የድሮውን የአይፒቲሲ አጻጻፍ ያለ ዩኒኮድ እየተጠቀመ ነው፤ ኤክስኤምፒ ግን ግዕዝ ፊደልን በትክክል ይይዛል። ለማይሻገረው ማስተካከያ መድኅኑ ምርጥ ምርጦቹን በሙሉ መጠናቸው ጄፔግ ወይም ባለ 16 ቢት ቲፍ አድርጎ ኤክስፖርት ማድረግ ነው።

«ወርሃዊ ክፍያ ካቆምኩ ሁሉም ይጠፋል፤ አንዴ የገዛሁት ግን ለዘላለም ነው»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። የላይትሩም ክላሲክ ክፍያ ሲቆም ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ፎቶ ያሳያል፣ ኤክስፖርትም ያደርጋል፤ የሚዘጋው ማስተካከያው ክፍልና ካርታው ነው። ዋናው ፎቶ የኩባንያው ክላውድ (የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ከሆነ ግን ክፍያው ከመቋረጡ በፊት ማውረድ ይገባል።

አንዴ የተገዛው ደግሞ የሚያረጀው አዲስ ካሜራ ሲመጣ ነው። ካኖን በ2018 ከኢኦኤስ ኤም50 ጋር ሲአር3 የተባለ አዲስ የሮው ዓይነት ሲያወጣ፣ አንዴ ተገዝቶ የሚያዘው የመጨረሻው ላይትሩም 6 ማሻሻያ መቀበል አቁሞ ስለነበር ሊከፍተው አልቻለም። መውጫው የአዶቤ ነፃ መቀየሪያ ነው፤ ሮውን የአዶቤ የራሱ የሮው ዓይነት ወደሆነው ዲኤንጂ ይለውጠዋል፣ የቆየውም ሶፍትዌር ዲኤንጂውን ያነባል።

«ክላውድ ላይ ስላለ ባክአፕ አለኝ»

የሚመሳሰል ክላውድ ስህተትንም ያመሳስላል። ስልክ ላይ የጠፋ ፎቶ ከክላውዱም ይጠፋል፤ ጉግል ፎቶስ ባክአፕ የተደረገውን መጣያው ውስጥ የሚያቆየው 60 ቀን ነው። ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ሲሆን ጂሜይልና ድራይቭም ይጋሩታል፤ 25 ሜጋባይት በሚመዝን ሮው ቢሰላ 600 ፎቶ ገደማ መሆኑ ነው። የሚሠራው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚለው ነው። ካታሎጉም ይቆጠር።

«ኤአይ ፈልጎ ስለሚያገኝ ታግ ማድረግ ቀረ»

ኤአይ «ውሻ» እና «ባሕር» ያገኛል። የማን ሠርግ እንደነበር፣ በፎቶው ላይ ያለችው አያት የየትኛው ወገን እንደሆነች አያውቅም። በዚያ ላይ የፍለጋ መረጃው አብዛኛውን ጊዜ በአገልግሎቱ ውስጥ ስለሚቀር ከፎቶው ጋር አይወጣም። ለእያንዳንዱ ስብስብ ማን፣ የት፣ ምን የሚሉ ሦስት ታጎች በቂ ናቸው፤ ሃምሳ ታግ ማድረግ የጀመረ ሰው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይተወዋል።

«ውድ ኮምፒውተር ካልተገዛ አይሠራም»

ካታሎጉንና የእይታ ምስሎቹን ፈጣን በሆነው የዲስክ ዓይነት፣ በኤስኤስዲ ላይ አድርጎ ፎቶዎቹን በተራ ሃርድ ዲስክ ማቆየት መንቀራፈፉን በብዙ ይቀንሳል። 16 ጊጋባይት ራም ለተለመደው ሥራ ይበቃል። በግራፊክስ ካርድ የሚወሰነው በኤአይ ኖይዝ ማጥፋት ነው፤ አንዱ ማሽን በሴኮንዶች የሚጨርሰውን ሌላው ለአንድ ፎቶ ደቂቃዎች ሊፈጅበት ይችላል። ስለዚህ የሙከራ ጊዜውን በማስታወቂያ ፎቶዎች ሳይሆን ከራስዎ ካሜራ በወጡ፣ በጨለማ በተነሱ ሮዎች፣ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ይጠቀሙበት።