የመጀመሪያ የሪሞት መኪና አመራረጥ በድሬዳዋ

የሪሞት መኪና በእጅ በሚያዝ መቆጣጠሪያ አማካይነት በሬዲዮ ሞገድ የሚነዳ፣ ብዙውን ጊዜም የእውነተኛ መኪና ቅርጽ በልኬት ተቀንሶ የሚሠራበት ተሽከርካሪ ነው። የጃፓኑ ታሚያ የመጀመሪያ የሪሞት መኪናውን፣ በ1፡12 ልኬት የተሠራውን ፖርሽ 934፣ ገበያ ላይ ያዋለው በ1976 እ.ኤ.አ. ነበር።

ጀማሪ አስቀድሞ መለየት ያለበት የልጆች መጫወቻውን ለአዋቂ መዝናኛ ከተሠራው ነው። ሁለቱ ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን በመጫወቻው ውስጥ የሞገድ መቀበያውና የፍጥነት መቆጣጠሪያው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቦርድ ላይ ስለሚሠሩ አንዱ ሲቃጠል ሁሉም አብሮ ይጣላል፤ በሌላኛው ግን ሞተሩ፣ መሪውን የሚያዞረው ሰርቮ፣ ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ጥርስና አሞርዛተሩ ለየብቻ እየተፈቱ ይቀየራሉ። ስለዚህ በከተማው ታይዋን በተባለው ገበያም ሆነ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ በኩል የሚገዛ ሰው ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቁ በፊት መለዋወጫው ከየት እንደሚገኝ ቢያጣራ ይሻላል።

ድሬዳዋ ላይ ምርጫውን የሚወስነው ግን አሸዋውና ሙቀቱ ነው። ለመሬት የቀረበው የአስፋልት መኪና ከዚራ ሰፈር ውስጥ ባጃጅ የማይበዛበት ጥግ ከተገኘለት ይሄዳል፤ ከዚራንና መጋላ ሰፈርን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ግን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ በመሆኑ፣ ሆዱ ከፍ ያለ፣ ትልልቅ ጎማ ያለውና አራቱም ጎማዎቹ የሚስቡ መኪና ይፈልጋል። (በዝናብ ወቅት ወንዙ ውስጥ መውረድ ፈጽሞ አይገባም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከደጋው የወረደው ደራሽ ጎርፍ ያደረሰው ጥፋት አይረሳም።) ልል አሸዋ ጎማውን ስለሚይዘው ሞተሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይግላልም፤ በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን ጥርስ አነስ ባለ ጥርስ መተካት ፍጥነቱን ቀንሶ ሞተሩን ያሳርፈዋል። የጥርሶቹ ቤት የተከደነ መሆን አለበት። ከነዱ በኋላ አቧራውን በደረቅ የቀለም ብሩሽ ማራገፍና እያንዳንዱን ጎማ በጣት ማሽከርከር ይገባል፤ የመፈጨት ድምፅ ካሰማ ኩሽኔታው ውስጥ አሸዋ ገብቷል ማለት ነው። ክፍት ጥርስ ላይ ዘይት ማብዛት አሸዋውን ከማጣበቅ በቀር አይጠቅምም።

በባትሪ ፈንታ ናይትሮ በተባለ ነዳጅ የሚሠራው መኪና ይህን ልዩ ነዳጅና ተደጋጋሚ የካርቡረተር ማስተካከያ ስለሚፈልግ ለጀማሪ አይሆንም። ከኤሌክትሪኮቹም 1፡10 ልኬት ያለውና ባለ ካርቦን ሞተር (ኤሌክትሪኩ በካርቦን ብሩሽ በኩል የሚደርሰው) የሆነው ይመረጣል፤ ካርቦን የሌለው ሞተር ፈጣን ነው፣ ገና እጁ ያልተፍታታ ሰው ግን ግድግዳ ላይ ቶሎ ያደርሰዋል።

ባትሪን በተመለከተ ባለ 7.2 ቮልቱ ኒኬል ከባድ ቢሆንም ስህተትን ይችላል። ባለ ሁለት ሴሉ ሊፖ (የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) 7.4 ቮልት ሲሆን ቀላልና ኃይለኛ ነው፤ ሆኖም ሴሉ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል፣ ከ4.2 ቮልት በላይ ከተሞላ ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ በመሆኑም ሴሎቹን እያመጣጠነ የሚሞላ ቻርጀር የግድ ነው። ሊፖን በድሬዳዋ ቀትር በተዘጋ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ከውጭ የሚያመጣልን ሰውም ትርፍ ሊፖ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ መሆኑን አውቆ ጫፎቹን በፕላስተር ሊሸፍናቸው ይገባል።