ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ

ይህን አባባል በቅርቡ የሰማሁት አንድ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ነው። ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ሰኞ «ሲስተም የለም» ተባልኩ። ማክሰኞ ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል። ረቡዕ ፈራሚው የለም። ትዕግሥቴ አልቆ «ለበላይ አመለክታለሁ» ስል አጠገቤ የተቀመጡ አባት ፈገግ አሉ። «ተው ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ።» ንጉሡ እንግዲህ ማኅተም የያዘው ልጅ መሆኑ ነው።

ላይ ላዩን ትርጉሙ ቀላል ነው። ሞፈርና ቀንበር ይዘህ ሰማይ አትወጣም፤ ገዢንም ዳኛ ፊት አታቆምም። አርፈህ ተቀመጥ ነው ነገሩ። ግን «አይከሰስ» የምትለዋን ቃል ልብ በሏት። በተረትና በግጥም መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ም» ትወድቃለች። ስለዚህ «አይከሰስም» ማለት ልትሆን ትችላለች። «እንዳይከሰስ!» የሚል ትእዛዝም ልትሆን ትችላለች። ሹሙ ትእዛዙን ይሰማል። ገበሬው ደግሞ ያየውን ይናገራል፤ ምናልባትም እያማ ነው። ለእኔ የሚሰማኝ ሐሜቱ ነው። ንጉሥን ከእርሻ ጋር አያይዞ የሚቀልድ ሰው ከልቡ ሰግዷል ማለት ይከብደኛል።

አባባሉ የበቀለበት አገር ሙግት የሚወድ አገር ነው። የተበደለ ሰው «አቤት! አቤት!» እያለ እስከ ንጉሡ ችሎት ይደርስ ነበር። ዛሬ አቤቱታ የምንለው ቃል የዚያ ጩኸት ዘመድ ነው። ጎረቤትህን ትከሳለህ፣ ጭቃ ሹሙን ትከሳለህ። መንገዱ የሚዘጋው ጫፍ ላይ ስትደርስ ነው። የከፍተኛው ዳኛ ማዕረግ «አፈ ንጉሥ» ነበር። ንጉሡን ልክሰስ ብትል የሚዳኝህ የንጉሡ አፍ ነው። ታዲያ ከዚህ በኋላ ሰማዩን ብታርስ አይሻልህም?

ዘመናዊ ሕግ ሲመጣ አባባሉ አልተሻረም፤ እንዲያውም ቁጥር ተሰጠው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መንግሥትንና መሥሪያ ቤቶቹን መክሰስ ፈቅዷል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን የማይደፈሩ ናቸው። ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 2137 ነገሩን ዘጋው፦ ጥፋት ሠርተዋል ተብሎ ንጉሠ ነገሥቱ ላይ የኃላፊነት ክስ አይቀርብም። ገበሬው በአራት ቃል የጨረሰው ነገር ነው።

ከዚያ መስከረም 2 ቀን 1967 መጣ። ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ። ኅዳር 14 ቀን ስድሳ የሚሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የንጉሡ ባለሥልጣናት፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ንጉሡ ራሳቸው ነሐሴ ላይ በእስር እንዳሉ ሞቱ። ክስ አልተነበበላቸውም፤ ጠበቃ አልቆመላቸውም። ስለዚህ አባባሉ እስከ መጨረሻው እውነት ሆኖ ቀረ፤ ንጉሥ አልተከሰሰም። የማይከሰስ ሰው መልስ መስጫ ቦታም እንደሌለው ያን ጊዜ ታየ። ቁጥር 2137 የጠበቃቸው ከችሎት ብቻ ነው። ከወታደር አላዳናቸውም።

የደርግ ባለሥልጣናት በተራቸው ተከሰሱ። የቀይ ሽብር ችሎት ታኅሣሥ 1987 ተጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔው ታኅሣሥ 1999 ተሰጠ። አሥራ ሁለት ዓመት! መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባብዌ ሆነው በሌሉበት ተፈረደባቸው። ሰማዩ ታርሷል እንበል፣ በሬው ግን ሐራሬ ነበር።

ይህን አባባል አፋቸው ላይ የያዙ ሰዎች ስለ መንግሥት ሲጠየቁ ምን ይላሉ? በ2005 ዓ.ም. አፍሮባሮሜትር የተባለው አፍሪካ አቀፍ የጥናት ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ የሕዝብ አስተያየት ሲሰበስብ ዴሞክራሲያችን ደህና ነው ያሉት ብዙ ነበሩ፤ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች አንጻር እንኳ ብዙ። አጥኚዎቹ ራሳቸው ይህ ፍርሃት ይሆን ወይስ ሌላ አረዳድ ብለው ጠየቁ። በ2007 ምርጫ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ወሰዱ። ኅዳር 2008 ላይ ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞ ፈነዳ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ቅጽ ይዞ ለመጣ እንግዳ «ደህና ነው» የሚል ሰው እምነቱን አልነገረውም። ሰማይ እንደማይታረስ እያስታወሰው ነው።

ግን ያው ገበሬ ሌላም ተረት አለው፦ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ።» በፍርድ ከሆነ በቅሎዬም ትሂድ፤ ያለ ፍርድ የተወሰደች ጭብጦ ግን ታንገበግበኛለች ማለት ነው። በቅሎ የቤት ሀብት ናት፤ ጭብጦ የመንገድ ስንቅ ነው። ሁለቱን ተረቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የመጀመሪያው መገዛትን አይመክርም፤ ቅሬታ ነው። ሰውየው ልርታ አላለም፤ ልደመጥ ነው ያለው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 በአስተዳደር ውሳኔ የተከፋ ሰው ፍርድ ቤት እንዲያስከልስ መንገድ ከፍቷል። ኮሪደሩ ላይ ስለዚህ አዋጅ የሚያወራ ሰው ግን አልሰማሁም።

እኚያን አባት ምን ጉዳይ ይዘው እንደመጡ ጠየቅኋቸው። የቦታ ጉዳይ ነው አሉ፤ ዓመት አልፎታል። «ይፈቅዱልዎታል ብለው ያስባሉ?» አልኳቸው።

«አይፈቅዱም» አሉ። «እምቢ ማለታቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ነው የምመላለሰው።»