በስፓኒሽ «ሎስ ኤርማኖስ» ምንድን ነው?

አንድ ስፓኒሽ ተናጋሪ «ቲየኔስ ኤርማኖስ?» ብሎ ጠየቃችሁ እንበል። «ኤርማኖ» ወንድም እንደሆነ የተማረ ሰው ጥያቄውን «ወንድሞች አሉህ?» ብሎ ይረዳዋል። ሁለት እህቶች ብቻ ካሉት «ኖ» ብሎ ይመልሳል። ጠያቂውም ለእናቱ አንድ ነው ብሎ ያስባል። የተጠየቀው ግን «እህት ወንድም አለህ?» ተብሎ ነው። መልሱ «ሲ፣ ዶስ ኤርማናስ»፣ ማለትም «አዎ፣ ሁለት እህቶች» መሆን ነበረበት።

ስፓኒሽ ወንድና ሴት የተቀላቀሉበትን ስብስብ የሚጠራው በወንዴው ብዙ ቁጥር ነው። የሰዋስው ስሙ «ማስኩሊኖ ኼኔሪኮ»፣ ማለትም «ለሁሉም የሚያገለግል ወንዴ» ይባላል። ኤርማኖ ወንድም ነው፣ ኤርማና እህት። ሁሉም ሴቶች ከሆኑ «ላስ ኤርማናስ» ይባላሉ። አሥር እህቶች መሃል አንድ ወንድ ከተገኘ ግን ሁሉም በአንድ ላይ «ሎስ ኤርማኖስ» ናቸው።

የዘመድ መጠሪያዎች አብዛኞቹ በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ቲዮ አጎት፣ ቲያ አክስት፣ ሎስ ቲዮስ ደግሞ ሁለቱም። አብዌሎ ወንድ አያት፣ አብዌላ ሴት አያት፣ ሎስ አብዌሎስ አያቶች። ፓድሬ እና ማድሬ እንደሌሎቹ መጨረሻቸውን ብቻ የሚለዋውጡ ቃላት አይደሉም፤ እንደዚያም ሆኖ «ሎስ ፓድሬስ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ወላጆች ማለት ነው፣ እናትም አባትም። «ፓሪየንቴስ» የሚለውን ከዚህ ጋር እንዳታምታቱት። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ወላጆች ይመስለዋል፣ ትርጉሙ ግን ዘመዶች ነው።

ይህን ካላወቁ ታሪክ ማንበብም ያስቸግራል። «ሎስ ሬዬስ ካቶሊኮስ» (ካቶሊክ ነገሥታት) የሚለውን የሁለት ገዢዎች መጠሪያ ቃል በቃል የወሰደ ሰው ሁለት ወንድ ነገሥታት ይፈልጋል። የሚያገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1469 የተጋቡትን የካስቲያዋን ኢሳቤልንና የአራጎኑን ፈርናንዶን ነው። ሬይ ንጉሥ፣ ሬይና ንግሥት፤ አብረው ሲጠሩ ሬዬስ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ከዚህ የሚብሰው «ልጆች» የሚለው ነው። እኛ የወለድናቸውንም፣ መንገድ ላይ የሚጫወቱትንም ልጆች እንላለን። ስፓኒሽ ይለያቸዋል። ኢኾስ የወለዷቸው ናቸው፣ ሴቶቹም ተጨምረው። ኒኞስ ደግሞ በዕድሜ ገና ሕፃን የሆኑት፣ የማንም ልጆች ይሁኑ። አርባ ዓመት የሞላው ልጅ ለእናቱ አሁንም ኢኾ ነው፣ ኒኞ ግን አይደለም። ስለዚህ «ሦስት ልጆች አሉኝ» ለማለት «ቴንጎ ትሬስ ኢኾስ» በሉ። አንድ ወንድና ሁለት ሴት ቢሆኑም ያው ነው። ሦስቱም ሴቶች ከሆኑ «ትሬስ ኢኻስ»።

ደንቡ ብዥታም አለው። «ቴንጎ ዶስ ኤርማኖስ» ያለ ሰው ሁለት ወንድሞች ይኑሩት፣ ወይስ አንድ ወንድምና አንዲት እህት? ከቃሉ አይታወቅም። ራሳቸው ተናጋሪዎቹም መለየት ሲፈልጉ «ኡን ኤርማኖ ይ ኡና ኤርማና» ብለው ይዘረዝራሉ፤ ወንዶች ብቻ ከሆኑ «ኤርማኖስ ባሮኔስ» ይላሉ። ካልገባችሁ ጠይቁ፣ ምንም ነውር የለውም።

ቃላቱን በነጠላ ብቻ የሚደረድሩ የመማሪያ ዝርዝሮች ይህን ሁሉ ስለሚያስቀሩ ብዙም አልወዳቸውም። አብዌሎ፣ አብዌላ፣ አብዌሎስ እያሉ ሦስቱን አንድ ላይ ማጥናት በጣም ይሻላል።

ደንቡ ዛሬ ክርክር ያስነሳል። ሴቶችን ይደብቃል የሚሉ ሰዎች «ኤርማናስ ይ ኤርማኖስ» እያሉ ሁለቱንም ይጠራሉ። «ኤርማኔስ» የሚል አዲስ ቅርጽ የሚጠቀሙም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1713 የተመሠረተው የቋንቋው ተቋም፣ የስፔን ሮያል አካዳሚ፣ ይህን አዲስ ቅርጽ አይቀበለውም። ለፈተና የምትዘጋጁ ከሆነ በነባሩ ደንብ ጻፉ። ከወጣቶች አፍ ወይም ከማኅበራዊ ሚዲያ «ኤርማኔስ» ስትሰሙ ግን የፊደል ስህተት አይምሰላችሁ፤ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው።