የአሬይ ፓራሜትር ርዝመት ምንድን ነው?

በሲ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አንድ ፋንክሽን (ሲጠራ ሥራውን የሚሠራ የኮድ ክፍል) የተቀበለውን አሬይ (የተከታታይ እሴቶች ረድፍ) ርዝመት ከፓራሜትሩ (ጠሪው ከሚያቀብለው እሴት) ብቻ ማወቅ ይችላል የሚል ምክር ሰሞኑን እንደገና አጋጠመኝ። መካሪው «የአሬዩን ሳይዝኦፍ (በባይት ያለውን መጠን) ለአንዱ ኤለመንት ሳይዝኦፍ ማካፈል ነው፤ እኔ ጋር ሠርቷል» ይላሉ። አሬዩ ዲክሌር በተደረገበት ቦታ በእርግጥ ይሠራል፤ በተቀባዩ ፋንክሽን ውስጥ ግን አይሠራም።

ሐዋሳ ውስጥ ተራ ይዘው የቆሙ ባጃጆች ስንት እንደሆኑ ለጠየቀኝ ሰው የመጀመሪያዋን በጣቴ ባሳየው፣ እሱም ጣቴን ለክቶ ለአንድ ባጃጅ ርዝመት ቢያካፍል፣ ሰልፉ ሦስትም ሆነ ሠላሳ መልሱ አይለወጥም፤ የለካው ጣቴን ነውና። በፓራሜትር ቦታ የተጻፈ አሬይ ፖይንተር (የመጀመሪያውን ኤለመንት አድራሻ ብቻ የያዘ እሴት) ስለሚሆን፣ በተለመደው የ64 ቢት ኮምፒውተር ላይ ሳይዝኦፍ 8 ይመልሳል፤ ኢንት (የሙሉ ቁጥር ዓይነት) 4 ባይት ሲሆን ውጤቱ ምንጊዜም 2 ነው። ከፓራሜትሩ ስም ቀጥሎ ባለው ቅንፍ ውስጥ 10 ብሎ መጻፍም ይህን አይለውጥም። የካር (ባለ 1 ባይት የፊደል ዓይነት) አሬይ ከሆነ ደግሞ 8 ስለሚወጣ፣ በአጋጣሚ ስምንት ካር ባለው አሬይ የሞከረ ሰው ትክክል ነኝ ብሎ ተደላድሎ ይተኛል። እኔ በምሠራባቸው ባለ 8 ቢት የኤቪአር ማይክሮኮንትሮለሮች (በአንድ ቺፕ ላይ ያሉ ትናንሽ ኮምፒውተሮች) ላይ ፖይንተሩም ኢንቱም 2 ባይት ስለሆኑ ያው ኮድ 1 ይላል።

«ታዲያ የጽሑፍ ርዝመት የሚነግረን ፋንክሽን፣ ስትርለን፣ እንዴት ያውቃል?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ስትርለን አያውቅም፤ ዜሮ እስኪያገኝ ድረስ እየተራመደ ይቆጥራል። የመጨረሻዋ ባጃጅ ላይ «እዚህ ያበቃል» የሚል ምልክት ተለጥፏል እንደማለት ነው፤ ምልክቱ ከወደቀ ቆጣሪው ሰልፉን አልፎ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ያገኘውን ተሽከርካሪ ሁሉ እየቆጠረ ይሄዳል። ለኢንት አሬይ እንዲህ ያለ ምልክት የለም፤ ዜሮ ራሱ ትክክለኛ የሙቀት ንባብ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ርዝመቱ በሳይዝ ቲ (ለመጠን ቁጥሮች በተዘጋጀው) ዓይነት ራሱን የቻለ ሌላ ፓራሜትር ሆኖ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የሲ ስታንዳርድ በቅንፉ ውስጥ ከቁጥሩ በፊት ስታቲክ የሚለውን ቃል መጻፍን ፈቅዷል፤ ይህ ግን ጠሪው ቢያንስ ያን ያህል ኤለመንት እንደሚያቀርብ የሚገባው ቃል እንጂ ሳይዝኦፍን የሚያርም አይደለም። የሲ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) ጂሲሲ ማካፈሉን በፓራሜትር ላይ ሲያይ ሳይጠየቅ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን የሚያነብ ከተገኘ። ማኅደረ ትውስታው በማሎክ (ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ማኅደረ ትውስታ በሚሰጥ ፋንክሽን) የተገኘ ከሆነ ደግሞ ጠሪውም ዘንድ ያለው ጣት፣ ማለትም ፖይንተር፣ ብቻ ነውና፣ የጠየቀውን ቁጥር ከመጀመሪያው ይዞ መቆየት አለበት።