የመልሶ ማዋቀር ወጪ ምንድን ነው? ለኔትወርክ መሣሪያ አምራቾች ባለአክሲዮን

ራውተርና ስዊች (ኮምፒውተሮችን እርስ በርስና ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኙ መሣሪያዎች) የሚያመርት ኩባንያ «ድርጅታችንን መልሰን እያዋቀርን ነው» ሲል ሠራተኛ ይቀነሳል፣ የሥራ ክፍሎች ይዋሃዳሉ ወይም ይዘጋሉ፤ በሂሳብ መግለጫውም ላይ «የመልሶ ማዋቀር ወጪ» የሚል መስመር ይወጣል። መስመሩ የስንብት ክፍያን፣ ከጊዜው በፊት የሚቋረጥ የቢሮ ኪራይ ውልን፣ ከእንግዲህ የማያገለግል ንብረት ከመዝገብ ሲሰረዝ የሚታየውን ኪሳራ ይይዛል። የስንብት ክፍያው ከካዝና የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ ነው። የንብረቱ ግን የወረቀት ኪሳራ ነው፤ ገንዘቡ ዕቃው ሲገዛ ወጥቶ አልቋል።

ኩባንያዎች ይህን ወጪ አንዴ አጋጥሞ የሚያልፍ አድርገው «ከተስተካከለ ትርፋቸው» (ልዩ ያሏቸውን ወጪዎች ሳይቀንሱ ከሚያሰሉት ትርፍ) ውጭ ያደርጉታል። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ የሚያሻው። የአሜሪካው የኔትወርክ መሣሪያ አምራች ሲስኮ በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 4,000፣ በ2014 6,000፣ በ2016 ደግሞ 5,500 ሠራተኞች እንደሚቀንስ አስታውቋል፤ ሦስቱም በኦገስት ነበር። የበጀት ዓመቱ በጁላይ መጨረሻ ስለሚዘጋ የዓመቱን ውጤትና የአዲሱን ዓመት ዕቅድ አብሮ ይነግረናል። ከዚያም በ2020 ወደ 900 ሚሊዮን፣ በ2022 600 ሚሊዮን፣ በፌብሩዋሪ 2024 800 ሚሊዮን፣ በዚያው ዓመት ኦገስት እስከ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚደርሱ ዕቅዶች ተከታተሉ። በየሁለት ዓመቱ የሚመለስ ወጪ እንደ መብራትና ውሃ የሥራ ማስኬጃ ነው።

ስለዚህ በተስተካከለው ትርፍ ላይ ራሳችሁ ቅናሽ አድርጉ። ከ2020 እስከ 2024 የታወጁት አራት ዕቅዶች ድምር 3.3 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ለአምስት የበጀት ዓመታት ሲካፈል በዓመት 660 ሚሊዮን ይሆናል። 4 ቢሊዮን ገደማ ለሚሆኑ አክሲዮኖች ሲከፋፈል ከታክስ በፊት ለእያንዳንዱ 16 ሴንት ያህል ይደርሳል። በ2024 የበጀት ዓመት የሲስኮ የአንድ አክሲዮን ትርፍ በመደበኛው ሂሳብ 2.54፣ በተስተካከለው 3.73 ዶላር ነበር። ልዩነቱን ሁሉ ግን በመልሶ ማዋቀር አታሳቡ፤ ትልቁን ድርሻ የያዙት ለሠራተኞች በአክሲዮን የሚከፈለውና ከተገዙ ኩባንያዎች የመጣው የማይዳሰስ ንብረት (እንደ ፈጠራ መብትና የንግድ ስም ያለ) ዓመታዊ ቅናሽ ናቸው።

ትክክለኛው መጠን ያለው በዓመታዊ ሪፖርቱ ማብራሪያ ውስጥ ነው። የመነሻ ዕዳ፣ የዘመኑ ወጪ፣ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ፣ ጥሬ ገንዘብ ያልነካ፣ ቀሪ ዕዳ የሚል ሠንጠረዥ ፈልጉ። ቀሪው ትልቅ ከሆነ መጪዎቹ ሩብ ዓመታት ገንዘብ ይከፍላሉ፤ የትርፍ መግለጫው ግን ምንም አያሳይም።

ቁጠባውም እንደተነገረው ሁሉ ለባለአክሲዮኑ አይደርስም። ኖኪያ በኦክቶበር 2023 እስከ 14,000 የሥራ መደቦችን ቀንሶ እስከ 2026 መጨረሻ ከ800 ሚሊዮን እስከ 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ለመቆጠብ አቀደ፤ ወጪውም ከዓመታዊው ቁጠባ ጋር ተቀራራቢ ይሆናል አለ። የአንድ ዓመት ቁጠባ ወጪውን ይመልሳል ማለት ነው፣ ቁጠባው ሌላ ቦታ ካልፈሰሰ። ሲስኮ በኦገስት 2024 የዓለም ሠራተኞቹን 7 በመቶ የሚነካ ቅነሳ ሲያስታውቅ፣ ገንዘቡ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ወደ ሳይበር ደኅንነት እንደሚዛወር ተናግሯል። ለዚህ ነው ከተቀነሰው ቁጥር ይልቅ የዓመቱን መጨረሻ የሠራተኛ ብዛት ማነጻጸር የሚሻለው፤ በዚያው ዓመት የሶፍትዌር ኩባንያውን ስፕላንክን በ28 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መግዛቱ ብቻውን ብዙ ሰው ጨምሯል።

የክምችት ጉዳይ ደግሞ የመሣሪያ አምራች ልዩ ወጥመድ ነው። በ2001 የቴሌኮም ፍላጎት ድንገት ሲወድቅ ሲስኮ 2.25 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ትርፍ ዕቃ ከመዝገቡ ቀነሰ። እንዲህ ያለው ቅነሳ የሚመዘገበው በመልሶ ማዋቀር መስመር ሳይሆን በሽያጭ ወጪ ላይ ነው። ዋጋው ዜሮ የሆነው ዕቃ በኋላ ቢሸጥ ወጪ አልባ ገቢ ስለሚሆን ጠቅላላ የትርፍ ህዳግን (ከሽያጩ የዕቃው ወጪ ተቀንሶ የሚቀረውን ድርሻ) ያሳብጣል። ህዳጉ ከቅነሳው ማግስት ሲሻሻል ምንጩን ጠይቁ።

ከሂሳቡ ውጭ ትልቁ አደጋ ሽያጭ ላይ ነው። ስዊች ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ስለሆነ፣ ሁለት የምርት መስመሮች ሲዋሃዱ ደንበኛው የትኛው እንደሚቀጥል ሳያውቅ አያዝም፤ የሚያውቀው ሻጭም ተቀይሮበታል። ስለዚህ ለሁለት ወይም ሦስት ሩብ ዓመታት ትዕዛዙንና ቅድሚያ የተሰበሰበውን ገቢ ተከታተሉ። ክፍሎቹ ስም ሲቀይሩ የአምናው ቁጥር በአዲሱ አከፋፈል ተሠርቶ መቅረቡንም አረጋግጡ፤ ካልቀረበ የደከመው ክፍል ካደገው ጋር ተቀላቅሎ ሊደበቅ ይችላል።