«ይህን ፋይል ማን ጻፈው?»፦ ስለ ኡቡንቱ የኔትወርክ ፋይሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጣና ዳር ያለ ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ስርዓተ ክወና) የተጫነበት ኮምፒውተር አለው እንበል። ከአዲሱ ዋይፋይ ጋር ታገናኙትና ኢቲሲ በሚባለው የሴቲንግ ፎልደር ውስጥ ያለውን የኔትፕላን (የኔትወርክ ሴቲንግን ከፋይል የሚያነብ ፕሮግራም) ፎልደር ስትከፍቱ፣ ስሙ በ«90-ኤንኤም» የሚጀምር፣ ቀጥሎ የቁጥርና የፊደል መዓት የተደረደረበት እንግዳ ፋይል ታገኛላችሁ።

«ሰው ገብቶበታል።» የለም። ከኡቡንቱ 23.10 ወዲህ ኔትወርክ ማናጀር (ከዋይፋይና ከኬብል ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ሴቲንጉን የሚያስቀምጠው በኔትፕላን በኩል ነው። ፋይሉን የጻፈው እሱ ነው፤ ድርድሩም የግንኙነቱ መለያ ነው። ውስጡን ብታዩ የዋይፋዩን ስም ታገኛላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የይለፍ ቃሉንም እንዳለ። እርዳታ ፈልጋችሁ ቴሌግራም ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ያንን መስመር ሸፍኑት።

«ባጠፋው ምንም አይል።» ፋይሉን ስታጠፉ ግንኙነቱም አብሮ ይጠፋል። ካልፈለጋችሁት ከኔትወርክ ማናጀር ላይ ሰርዙት፤ ፋይሉ ራሱ ይሄዳል።

«ኋላ የሚነበበው ፋይል የፊተኛውን ይሽራል።» ግማሹ እውነት ነው፤ ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። ኔትፕላን ፋይሎቹን በስም ተራ ያነባል። ሁለት ፋይሎች አንዱን የኔትወርክ ካርድ በአንድ ስም ከጠቀሱ፣ እንደ ዲኤችሲፒ (አድራሻን በራሱ መቀበያ) ያለ «ይብራ ወይስ ይጥፋ» የሚል ነጠላ ነገር ላይ የኋለኛው ያሸንፋል። ዝርዝር ግን ይደመራል! በ«50» ፋይል 192.168.1.10፣ በ«99» ፋይል 192.168.1.20 ብትጽፉ ካርዱ ሁለቱንም አድራሻ ይይዛል። 10 ቁጥሩን ለፕሪንተር ሰጥታችሁት ከነበረ ሁለቱ ይጋጩና ፕሪንተሩ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይጠፋል። «ለማንኛውም» ተብሎ እዚያው ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ቅጂም የስሙ መጨረሻ ያምል (.yaml) ከሆነ ይነበባል፤ ቅጂውን ሌላ ቦታ አኑሩት። ተደምሮ የወጣውን ለማየት በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) «ኔትፕላን ጌት» በሉ።

«ሰርቨር ላይ የክላውድ-ኢኒትን ፋይል ማስተካከል ይበቃል።» ክላውድ-ኢኒት (ሰርቨሩ ሲነሳ ሴቲንጉን የሚያዘጋጅ ፕሮግራም) መልሶ ሊጽፍበት ይችላል። መጀመሪያ የኔትወርክ ሥራውን ዝጉበት።

«ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ ውስጥ 127.0.0.53 ካለ ተበላሽቷል።» ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ ኮምፒውተሩ የድረ ገጽ ስሞችን አድራሻ ማንን እንደሚጠይቅ የተጻፈበት ፋይል ነው። ቁጥሩ ጤነኛ ነው፤ ይህን ሥራ እዚያው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ሲስተምዲ-ሪዞልቭድ የሚያዳምጥበት አድራሻ ነው። እውነተኛውን ዲኤንኤስ (ስሙን ወደ አድራሻ የሚቀይረውን ሰርቨር) «ሪዞልቭሲቲኤል ስታተስ» የሚለው ትእዛዝ ያሳያችኋል።

«ሲያበቃ ‹ኔትፕላን አፕላይ› ነው።» አፕላይ ለውጡን ወዲያው ሥራ ላይ የሚያውል ትእዛዝ ነው። ሰርቨሩ ከአባይ ድልድይ ማዶ ሆኖ እናንተ በኤስኤስኤች (ከርቀት በኔትወርክ ገብታችሁ) የምትሠሩ ከሆነ «ኔትፕላን ትራይ» በሉ። በ120 ሰከንድ ውስጥ ኢንተር ካልተጫነ የነበረውን ይመልሳል። በአፕላይ ከተሳሳታችሁ ግን ባጃጅ መያዝ ነው።